የተጨረመተው በር

በሩ ሲንኳኳ ሲሳይነሽ የሥራ ጫማዋን እያጠለቀች ነበር። ከፍታ ብታይ ሦስት ሽማግሎች ኩታቸውን ደርበው ደረጃው ላይ ቆመዋል። ከፊት ያሉት ጋሼ ደጅይጥኑ ናቸው። በአሽቀሎን ሺምሾን ሰፈር ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁ፣ ሙሽራ ሲታጭ የሚላኩ፣ ሰው ሲሞትም መርዶ የሚያረዱ እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው አባባ ቸሬ ከዘራቸውን ተደግፈዋል። ሦስተኛውን ሰው በመልክ እንጂ በስም አታውቃቸውም። የደረጃው መብራት እንደ ልማዱ በራሱ ጊዜ ድርግም አለና ሽማግሎቹ ጨለማ ውስጥ ቀሩ።

«ግቡ» አለቻቸው። ገቡ።

«ተቀመጡ» አለቻቸው። አልተቀመጡም።

ሽማግሌ ጎህ ሳይቀድ ተሰባስቦ መጥቶ፣ ተቀመጡ ሲሉት እግሩን ተክሎ ከቆመ፣ ምን ይዞ እንደመጣ ለማወቅ የጎንደር ሰው ማንንም አይጠይቅም። አንድ ልጇ ሮን ወታደር ነው፤ ያለውም ጋዛ ድንበር ላይ ነው። ጊዜው መንግሥት የጋዛን ሰፈሮች ለቆ ሊወጣ ሽር ጉድ የሚልበት፣ ግማሹ ሰው በመኪናው አንቴና ላይ ብርቱካናማ ጨርቅ፣ ግማሹ ደግሞ ሰማያዊ አስሮ በየመብራቱ የሚገላመጥበት ሐምሌ ነበር። ሲሳይነሽ ከዚህም ከዚያም የለችበትም። ማታ ማታ ዜና የምትከፍተው የልጇ ስም እንዳይጠራ ለመስማት ብቻ ነው። አሁን በሽማግሎቹ ትከሻ ላይ አሻግራ ደጁን አየች። ሠራዊቱ አበሻ ቤት መርዶ ሲልክ ሽማግሌ አስቀድሞ መኮንኖቹን ደረጃ ላይ ያቆማል ሲባል ሰምታለች።

«ወታደሮቹ የት አሉ?» አለች።

«የምን ወታደር?» አሉ ጋሼ ደጅይጥኑ።

«ሮኔ! የኔ ሮን!» ብላ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ደረቷን ስትደቃ፣ ፊቷን ስትቧጭር፣ ሽማግሎቹ ደንግጠው አንዱ ክንዷን አንዱ ትከሻዋን ይዘው ሊያነሷት ይታገሉ ጀመር። ቢያንስ የኩታቸውን አለባበስ ልብ ብትል የሐዘን እንዳልሆነ በገባት ነበር፤ ግን የትኛዋ እናት ነች ያን ጊዜ ጥለት የምታይ።

«ኧረ በአዶናይ! ሲሳይ፣ ልጄ፣ ስሚኝ! ሮን ደህና ነው! ምንም አልሆነም! እኛ በሌላ ጉዳይ ነው የመጣነው!»

ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ወሰደ። ሲገባት የጋሼ ደጅይጥኑን ጉልበት አቅፋ ሳመች። የአባባ ቸሬንም ሳመች። ስማቸውን የማታውቀውን የሦስተኛውን ሰውም ሳመች። እያለቀሰች ሳቀች። «እሱ ካለልኝ ሌላው ምን አባቱ! ምንም ይሁን ምን አባቱ!» አለች።

ጋሼ ደጅይጥኑ ክፉ ሰው አይደሉም። ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ጠብ መካከል የኖሩ ሰው ናቸው፤ የተከፈተ በር ሲያዩ ሳይዘጋ መግባት ያውቁበታል።

«አንድ ሰው በድሎሻል» አሏት እንደቆሙ። «ይቅር እስክትይን አንቀመጥም።»

«ይቅር ብያለሁ።»

«ማን እንደሆነ ሳትሰሚ?»

«ሮን በሕይወት አለ አላላችሁኝም? ለምድር ለሰማዩ ይቅር ብያለሁ!»

«ነገሩ ከዚህ ቤት ላይወጣ? ስሙ በማንም ፊት ላይነሳ?»

«ይህን ነገር ካወጣሁ ሮንን በዓይኔ አልየው።»

«አሜን» አሉ ሦስቱም። ከዚያ ተቀመጡ፤ ከተቀመጡም በኋላ ነገሯት።

መኪናዋን የመታው ሰማኝ ነበር። ምድር ቤት ከእናቱ ከእትዬ የሺሃረግ ጋር የሚኖረው፣ ነጭ ሚኒባስ የሚነዳው፣ ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ የማይነፍገው ሰማኝ።

ሲሳይነሽ አሮጌ ሰማያዊ ሱባሩ አላት። መንጃ ፈቃዱን ያወጣችው ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ፣ ፈታኙ ስሟን በቃሉ እስኪይዘው ድረስ እየወደቀች ተመላልሳ ነው። አብራት የተማረችው፣ አብራት የወደቀችው፣ በመጨረሻም አብራት ያለፈችው የፊት ለፊት ጎረቤቷ ለተ ናት። ለተ ከትግራይ የመጣች፣ ሳቋ ከሦስተኛ ፎቅ መኪና ማቆሚያው ድረስ የሚሰማ ሴት ነበረች። በሻቩዖት በዓል ማግስት ሲሳይነሽ በጠዋት ስትወርድ የሱባሩዋ የሾፌር በር እንደ ተረገጠ ጣሳ ተጨራምቶ ጠበቃት። መስተዋቱ ግማሽ ላይ ተሰንቅሮ አይወጣም አይወርድም። ብጣሽ ወረቀት የለ፣ ስልክ ቁጥር የለ፣ ይቅርታ የለ። መትቶ ሄዷል። ከዚያ ቀን ወዲህ በሩ አልከፈት ብሎ፣ ትልቅ ሴትዮ ቀሚሷን ሰብስባ በተሳፋሪው በር ትገባና ማርሹን ተሻግራ መሪው ጋ ትደርሳለች። ሰፈሩ በረንዳው ላይ ሆኖ ያያታል። አንዳንዱም ይስቃል።

መመታቱን ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር፤ ብረት ነው፣ ብረት ይመታል። ያንገበገባት ዝም ብሎ መሄዱ ነው። የመታው ሰው ፊቷ ቆሞ «እኔ ነኝ» እንዲላት ብቻ ነበር የምትፈልገው። ይህን ለመስማት ስትል ፖሊስ ጣቢያ ተመላለሰች፤ ይህን ለመስማት ስትል ሰው አስቀየመች።

ያን ጠዋት ቀድሞ የደረሰላት ሰማኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ በሩን ዳሰሰና «ነጭ መኪና ነው የመታሽ፣ እይው ቀለሙን» አላት። እውነቱን ነው። ይህን ብሎ ግን ዓይኑ ቀስ እያለ ሄዶ የለተ ነጭ መኪና ላይ አረፈ። የለተ መኪና ጥግ ላይ ጭረት ነበረባት፤ የሥራ ቦታዋ የብረት በር ነው የላጣት፣ ከፋሲካ በፊት። ሰማኝ የማንንም ስም አልጠራም። የቀረውን ሲሳይነሽ ራሷ ሞላችው። ለቅሶ ቤት ሴቱ ሁሉ በተሰበሰበበት ወደ ለተ ዞረችና፣ «በር ለበር እየኖሩ መትቶ ዝም ማለት እንዴት ያለ አንጀት ቢሆን ነው?» አለች። ለተ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባት ከመቀመጫዋ ተነስታ «ልጆቼ ይሙቱ፣ እኔ አይደለሁም!» አለች። ሲሳይነሽም «በልጁ እየማለ የሚዋሽ ስንት አለ» አለቻት። ያ ቃል ከአፏ ሲወጣ ደስ ብሏት ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከዚያ ወዲህ ለተ ለቅሶ አትመጣም፤ ሠርግ አትመጣም፤ ሳቋም አይሰማም።

«ሰማኝ መቼ ነው የነገራችሁ?» ብላ ጠየቀች ሲሳይነሽ።

«ትናንት ማታ እናቱ መጥታ እግራችን ላይ ወደቀች» አሉ አባባ ቸሬ።

ትናንት። ትናንት ከሥራ ስትመለስ ሰማኝን መግቢያው ላይ አግኝታው ነበር። የሰፈሩ ሱቅ የማኮሌቱ ባለቤት እሑድ ከውጭ አገር ይመለሳል፤ ሱቁ በር ላይ ያለው ካሜራ መኪና ማቆሚያውን ያያል፤ ፖሊሶቹም ቀረጻውን አምጪ ብለዋታል። ይህን ሁሉ በደስታ የነገረችው እሷው ናት። «እሑድ ይለይላታል!» ብላው ነበር፣ ለተን ማለቷ ነው። እሱም «ጎሽ፣ እንዳትለቂ» ብሏት ነበር። እስከ ትናንት ያልቆረቆረው ሕሊና እሑድ ሲቀርብ ቆረቆረው ማለት ነው።

«የተማሪ ማመላለሻ ሊነዳ ሥራ ይዟል» አሉ ጋሼ ደጅይጥኑ። «መትቶ ሸሸ ተብሎ ሚሽታራ ቤት፣ ፖሊስ ዘንድ፣ ስሙ ከገባ የመንጃ ሪሻዮኑን ይነጥቁታል። ሪሻዮኑ ከሄደ እናቱን ማን ይጦራታል? ክሱን ዛሬውኑ አንሺለት። በሩን ጓደኛው ጋራዥ ወስዶ ያሠራልሻል።»

«እሱ ለምን አልመጣም?»

«አፍሮ ነዋ።»

«እሺ፣ ለተስ?»

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ለተን እኛ ቀስ ብለን እናስታርቃችኋለን» አሉ ጋሼ ደጅይጥኑ።

«ምን ብላችሁ?»

«ሰይጣን በመሀል ገብቶ ነው እንላለን።»

«ሰይጣን መኪና አይነዳም፣ ጋሼ።»

አባባ ቸሬ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ጋሼ ደጅይጥኑ አልሳቁም። ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «በሮን ነው የማልሽው፣ ልጄ» አሏትና ተነሡ።

ሲወጡ ብቻዋን ቁጭ አለች። ለምን ጎህ ሳይቀድ መጡ? ሳትወጪ እንድረስብሽ ብለን ነው ብለዋታል። ሊሆን ይችላል። እናት በር ከፍታ እንዲያ ቆመው ስታያቸው ምን እንደምታስብ መርዶ ሲያረዱ የኖሩት ጋሼ ደጅይጥኑ ሳያውቁ ቀርተው ነው? ይህንም ሊሆን ይችላል ማለት አቃታት። የራሷን ይቅርታ ብቻ ሰጥታ ቢሆን ባልከፋት። የሰጠችው ግን የለተን ስም ነው። የጎረቤት ላም አርዶ እንግዳ እንደሚጋብዝ ሰው በሰው ንብረት ቸር ሆነች።

ባዶ ቤት ውስጥ ስሙን ልትሞክረው አፏን ከፈተች። «ሰማ...» ብላ ቆመች። የሮን ፊት መጣባት። ሮን ይህን ቢሰማ ይስቅባታል፤ «ኢማ፣ ሽቱዮት» ይላታል፣ እማዬ ይሄ ተራ ነገር ነው ማለቱ ነው። እሱ እዚህ አገር ነው የተወለደው። እሷ ግን ዛሬ ጠዋት አንዴ ሞቶባት አንዴ ተነሥቶላታል፤ በተመለሰላት ልጅ ላይ የምትጫወት ሴት አይደለችም። አፏን ዘጋች።

ሰማኝ ታች እንደ ወትሮው የተሳፋሪውን በር ከፍቶ ጠበቃት። ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሳማት።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እትዬ ሲሳይነሽ። ሽማግሎቹ ነግረውሻል አይደል?»

«ምኑን?»

«ያው... ነገሩን።»

«ምኑን? አንተ ንገረኝ።»

ሰማኝ ዙሪያውን ቃኘ። በረንዳው ላይ ማንም የለም። ሕንፃው በቆመባቸው ዓምዶች መካከል አንዲት ድመት ብቻ ተጋድማለች። ከሁለት ቃል የማይበልጥ ነገር ነው። ሲሳይነሽ በሩን ይዛ ቆማ ጠበቀችው፤ ከልቧ ጠበቀችው። ቢላት ኖሮ እውነትም ይቅር ትለው ነበር።

«ያለፈ ነገር ምን ያደርጋል» አለ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ እያየ። «ረቡዕ ጋራዥ እወስድልሻለሁ። ቤሴዴር፣ እሺ?»

ቀሚሷን ሰብስባ ገባች፤ ማርሹን ተሻግራ መሪው ጋ ደረሰች። ሰማኝ በሩን ቀስ ብሎ፣ እንዳይጎዳ ተጠንቅቆ ዘጋላት።

ሥራ ከመግባቷ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ጎራ ብላ ክሱን አነሳች። ወጣቷ ፖሊስ ማን እንደሆነ አውቀሽ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። አላወቅሁም አለች። ታዲያ ለምን ስትላት ደከመኝ አለች። ይህኛው ውሸት አልነበረም።

ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ዓርብ ቀትር ላይ ሚግዳል ገበያ መተላለፊያ የለውም። ሰንበት ሳይገባ ዓሣውንም ዳቦውንም ሽንኩርቱንም ለመሸከም አሽቀሎን በሙሉ እዚያ ይወርዳል። ሲሳይነሽ የምትጦራትን አሮጊት ምሳ አብልታ፣ አስተኝታ፣ ጤፍ ልትገዛ ወደ አበሻው ሱቅ መጣች። ውስጡ በሴት ተሞልቷል። እትዬ የሺሃረግ፣ የሰማኝ እናት፣ ሚዛኑ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ለተ መደርደሪያው ጋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። በለተ ዙሪያ ብቻ ክፍት ቦታ አለ። ማንም ውጪ አላላትም፤ ማንም አልሰደባትም። ልክ እርጥብ ቀለም እንዳይነካቸው እንደሚጠነቀቁ ሁሉም ሸሸት ብለው ነው የቆሙት።

ያንን ክፍት ቦታ የከፈተችው እሷ ናት። ሲሳይነሽ ቆማ አየችው። ሰማኝ የሷን በር እንደመታው እሷም ለተን መትታ ሄዳለች፤ የእሱ በጋራዥ ይቃናል። የሰማኝን ስም መጥራት አትችልም፤ አፏ ላይ ሮን ተቀምጧል። በመሐላው ያልተዘጋ አንድ ስም ብቻ ቀርቷል።

«ለተ መኪናዬን አልመታችም» አለች ጮክ ብላ።

ዱቄት የሚመዝነው ባለሱቅ እጁን ገታ።

«ታዲያ ማን ነው?» አለች አንዷ።

«እኔ ነኝ።»

ሳምንታት ሙሉ ከሰው አፍ ስትጠብቀው የነበረው ቃል ከራሷ አፍ ሲወጣ እንግዳ ሆነባት። ቀጠለች። «ወደ ኋላ ስመለስ ከቤታችን ዓምድ ጋር አላተምሁት። እዚህ ዕድሜ ላይ መንዳት አቃታት እንዳልባል አፈርሁና በሰው ላይ ላከክሁ። ለተ የለችበትም። እኔ ነኝ።»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሣባት። «ኧረ ጉድ!» «ይህን ሁሉ ጊዜ?» «በለቅሶ ቤት፣ የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ!» «ምነው ሲሳይ፣ ምነው!» በለተ ዙሪያ የነበረው ክፍት ቦታ ተነቅሎ በሲሳይነሽ ዙሪያ ሲተከል እግሯ ሥር ታወቃት። እንዲህ በቶሎ ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር።

እትዬ የሺሃረግ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም ነበር። ሴቶቹ ጥቂት ረገብ ሲሉ ግን ከወንበራቸው ቀና አሉ። ሁሉን ያውቃሉ፤ ትናንት ማታ ሽማግሎቹ እግር ላይ የወደቁት እሳቸው ናቸው። ሲሳይነሽ አየቻቸው። ምናልባት አሁን ይናገራሉ ብላ ጠበቀች። እናት ናቸው፤ ይገባቸዋል።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፣ ልጄ» አሉ እትዬ የሺሃረግ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ሰው ነን፤ እንሳሳታለን።»

ሴቶቹ «አሜን» አሉ። አንዷ የእትዬ የሺሃረግን ደግነት አነሳች። ሲሳይነሽ ጤፉን ሳትገዛ ወጣች።

መኪናዋ ጋ ስትደርስ የተሳፋሪውን በር ከፈተች። ገብታ፣ ማርሹን ተሻግራ፣ መሪው ላይ ግንባሯን ደፋች። አላለቀሰችም። የጠዋቱ ለቅሶ ሁሉንም ጨርሶባታል። ቀና ስትል ለተ ከተጨረመተው በር ውጭ ቆማለች። ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀምጣ በሩን በመዳፏ ትዳስሳለች።

«የኛ ቤት ዓምድ ጥሬ ሲሚንቶ ነው» አለች ለተ ግማሽ ላይ በቀረው መስተዋት በኩል። «ይሄ ነጭ ቀለም ነው።»

«ተይው፣ ለተ። ነጻ አወጣሁሽ አይደለም?»

«አንቺ ያሰርሽኝን አንቺ ፈታሽኝ። እሱን ተይው። ማንን ነው የምትደብቂ?»

«ማንንም።»

ለተ አጎነበሰች። ፊቷ ከስቷል፤ ሲሳይነሽ ይህን ያህል ከቅርብ ካየቻት ሰንብታለች። «ያን ቀን ልጆቼ ይሙቱ ብዬሽ ነበር» አለች። «ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ልጆቼን አንድ በአንድ እያሰብሁ ነው ያልሁት። ቤቴ ገብቼ ሦስቱንም ተኝተው አይቼ አለቀስሁ። አንቺ አላመንሽኝም።»

«አላመንሁሽም» አለች ሲሳይነሽ።

«እኔ ግን አምንሻለሁ። ዓምድ ነው የመታው በይኝ። ሮን ይሙት በይና አምንሻለሁ፤ ጨርሰን እንታረቃለን።»

ሲሳይነሽ አፏን ከፈተች። እውነቱን ብትናገር ሮን፣ ብትዋሽም ሮን። ከኋላቸው አንድ መኪና መጥቶ ቆመ። በዓርብ ቀትር በሚግዳል የመኪና ቦታ ማግኘት ዕድል ነው፤ ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ጌቬሬት፣ አት ዮጼት?» ብሎ ጮኸ፤ ትወጫለሽ ወይ ነው። መልስ ሲያጣ ጥሩንባውን ነፋ። ከእሱ ኋላ የነበረውም ነፋ።

ለተ እጇን ከበሩ ላይ አላነሳችም።

«ይጠብቅ» አለች ዘወር ሳትል። «እኔም እየጠበቅሁ ነው።»